አሥራ ሁለት የናስ ዳዶ

ሹፌሩ የተኛ ነበር የሚመስለው።

ግንባሩን መሪው ላይ ጥሎ፣ አንድ እጁን ማርሹ ላይ አሳርፎ ነበር። ሞተሩ ይሠራል። ጠዋቱ ብርድና ካፊያ ስለነበር መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቷቸዋል። ወረፋ የሚጠብቁት ተሳፋሪዎች በሩን አንኳኩ። አንዲት ሴትዮ፣ "ይሄ ሰው አልጋውን እዚሁ ዘርግቶልናል" ብላ ሰልፈኛውን አሳቀችው። እንደገና ተንኳኳ። ሹፌሩ ቀና አላለም።

በመጨረሻ ቀጮ የሚሉት ተለዋጭ ሹፌር መጣ። በሩን ከውጭ ከፍቶ የባልደረባውን ትከሻ ነካ አደረገው። ሰውየው እንደ ጆንያ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ያለ ወጉ ቀልተው ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ሐኪሙ ብዙም አልተቸገረ። ጭስ ነው አለ፤ ዐይን የማያየው፣ እያስተኛ የሚገድል የሞተር ጭስ። አውቶቡሱ ሞተሩ ከሹፌሩ ጎን፣ ከውስጥ፣ በኮፈን ተከድኖ የሚቀመጥ የድሮ ዓይነት ነው። ፖሊሶች ኮፈኑን ሲያነሡ፣ ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ማውጫው የሚሰደው ከባድ ብረት፣ መካኒኮች ማኒፎልድ የሚሉት፣ እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ሲወዛወዝ አገኙት። ይዘውት የነበሩት አሥራ ሁለት ብሎኖች በጣት የሚዞሩ ሆነዋል።

ሞተሩ ደግሞ ወርዶ፣ ተበትኖ፣ እንደ አዲስ ተሠርቶ ከገባ ገና ወሩ ነው። እኩለ ቀን ሳይሆን የሠራውን መካኒክ ከሌላ መኪና ሥር ስበው አወጡትና እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወሰዱት። በቸልተኝነት ሰው መግደል ተባለ። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ወሬው ለእትዬ ዳዶ ሲደርሳት ሮንዴላ እየቆጠረች ነበር።

እትዬ ዳዶ የመካኒኩ ታላቅ እህት ናት። በጋራዦቹ መንደር መግቢያ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻት፤ የምትሸጠው ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሽቦና የቧንቧ መለዋወጫ ነው። ሠላሳ ዓመት ሸጣዋለች። ብሎን ብትሰጧት ዐይኗን ጨፍና ጥርሱን በአውራ ጣቷ ትዳብስና መጠኑን ትነግራችኋለች፤ ከየት እንደመጣም ትጨምርላችኋለች። ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዳዶ ብለው አወጡላት፤ ዳዶ ሆና ቀረች።

ሮንዴላዎቹን በእጇ እንደያዘች ቆመች። መጀመሪያ የመጣባት እንባ አልነበረም። ቁጣ ነበር።

ምክንያቱም እነዚያን ብሎኖች የመረጠችው እሷ ናት። ወይም ሰዉ እንደዚያ ነበር የሚያወራው።

አርብ ጠዋት የሟች ሚስት ወደ ሱቁ መጣች። ከሰው ተደግፋ ነበር። ባንኮኒው ፊት ቆማ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። "ከየትኛው ሣጥን ነው?" አለች። "ባሌን የገደለው ብሎን ከየትኛው ሣጥን ነው የወጣው፣ እትዬ?"

ሴትዮዋ ስትሄድ ገበያተኛውም አብሯት ሄደ። ያን ቀን አንድ ሰው አንድ ሮንዴላ አልገዛም።

ከሱቁ ደጅ፣ ከውሃ ቧንቧ በተሠራች አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ባለቧንቧው ብቻ አልሄደም። ጎረቤቷ ነው። የሱ ክፍል ከሷ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ወንበሩንም የሠራላት እሱ ነው፤ አራት የቧንቧ እግር፣ ላዩ ሳንቃ። ሲሠራት በቧንቧው ጥርስ ላይ ቃጫ ይጠቀልል፣ ነጭ ቀለም ይቀባ ነበርና፣ "ምን ውሃ ያልፍበታል ብለህ ነው?" ብላ ስቃበት ነበር። "እጄ ነው፣ እትዬ፤ ሳይጠቀልል አያስርም" ብሏት ነበር እሱም እየሳቀ።

አሁን አይስቅም። ከኪሱ ያወጣውን ቃጫ በጣቶቹ እየፈተለ ያጽናናት ነበር። ፖሊስ ስለ ሞተር ምን ያውቃል አላት። ወንድሟ ጎበዝ ነው፤ ግን ሰው ሲቸኩል ይሳሳታል፣ በሱ አይፈረድም አላት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ቀጮ ባለፈው አርብ ካንቺ ዘንድ ብሎን ገዝቶ የለ?"

ገዝቷል። እትዬ ዳዶ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ቀጮና ሟቹ በፈረቃ ምክንያት ዐይንና ናጫ እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የአውቶቡሱ ሁለተኛ ቁልፍም በቀጮ እጅ ነው።

ሱቋን እንኳ በወጉ አልዘጋችም።

መጀመሪያ ግን ጣቢያ ሄደች። ወንድሟን ለአምስት ደቂቃ እንድታየው ፈቀዱላት። ከእንጨት ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጧል። ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ አልለቀቀም።

"አንተ" አለችው። "እውነቱን ንገረኝ። ለእኔ አትዋሽ። የሰጠሁህን አስረሃል፣ ወይስ አጥሮህ ያገኘኸውን ብሎን ነው የሰካኸው?"

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። እንዲህ ያለ ዐይን ከሱ አይታ አታውቅም።

"አንቺም?" አለ።

"ጠየቅሁህ።"

"አሥራ ሁለት ሰጥተሽኛል። አሥራ ሁለት አስሬያለሁ። እታለም፣ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ በጥፊ ነበር የምለው።"

ተናዶ ነበር፤ ሲናደድ ደግሞ ከልጅነቱም ዋሽቶ አያውቅም። አመነችው። ስታምነው ንዴቷ አልቀነሰም፤ አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ። እሱ ያሰረው እሷ የሰጠችውን ከሆነ፣ ያ ደግሞ በወሩ የማይላላ ከሆነ፣ በመሀል የሌላ ሰው እጅ ገብቷል።

ዕቃውን የመረጡበት ቀን ታስታውሳለች። ወንድሟ ግማሽ ቀን ሱቋ ውስጥ ቆሞ ዋለ። ሞተሩን እንደ አዲስ ሠርቼ በደከመ ብሎን አልዘጋውም ብሎ ሦስት ሣጥን አስገለበጣት። ማኒፎልድ ማለት ሲሞቅ የሚረዝም፣ ሲቀዘቅዝ የሚያጥር ብረት ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል። ተራ ብሎን ይህን አይችለውም፤ ወይ ይላላል ወይ ይበጠሳል። ስለዚህ ራስ የሌለውን፣ በሁለት ጫፉ ጥርስ ያለውን ስታድ መረጡ፤ ሙቀት የሚችል ብረት። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ውስጥ ጠልቆ ይቀራል፣ በሌላው ላይ ዳዶ ይታሰራል። የማይዝገውን ብረት ብታሳየው፣ እሱ በሙቀት እርስ በርሱ ይነካከሳል ብሎ መለሰላት። ዳዶው ናስ ይሁን አለ፤ ናስ ከብረት ጋር አይጣበቅም፣ ነገ የሚፈታው ሰው አይረግመኝም። ስፕሪንግ ሮንዴላ ሰጠችው፤ ወረወረላት። "እሳት ላይ ስፕሪንግ ሳምንት አይቆይም፣ ይሞታል" አለ። ወፍራም ጠፍጣፋውን ወሰደ።

ያኔም ባለቧንቧው ደጅ ተቀምጦ ነበር። "ለዚያ ለአሮጌ አውቶቡስ የናስ ዳዶ? ልትድሩት ነው እንዴ?" ብሎ አስቋቸዋል።

የአውቶቡሶቹ ግቢ ስትደርስ ቀጮ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲያጨስ አገኘችው። እንደምን ዋልክም አላለችው።

"አርብ ከእኔ የገዛኸው ብሎን የት ገባ?"

ቀጮ አያት። አልተቆጣም። ሲጋራውን ረግጦ ተነሣ፣ ወደ ሌላ አውቶቡስ አስገባትና የሹፌሩን ወንበር እግር አሳያት። አራት ብሎን፤ አዲስ። የሷ ናቸው። ራሳቸውን አይታ አወቀቻቸው።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን አለ? አራት ሸጥሽልኝ፣ አራቱ እነዚህ ናቸው።"

አፍራ ልትመለስ ስትል እሱ ራሱ ክንዷን ያዛት። የሚከነክነው ነገር ነበረበት። ከሰኞ ጀምሮ ያ አውቶቡስ እንደ ስፌት መኪና ይንኳኳ እንደነበር ነገራት። ሟቹ ራሴን አመመኝ ይል ነበር። ለአውቶቡሱ ባለቤት ነግረውት፣ እስከ ቅዳሜ ቻሉት፣ መኪናው ከሥራ አይወጣም ብሏቸዋል።

"ከሰኞ ጀምሮ ነው?" አለች። "ከዚያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊት ድምፁ እንደ ሐር ነበር። ወንድምሽ አሳምሮት ነበር፣ እትዬ። በሰው ነፍስ አልዋሽም።"

የአውቶቡሱን ባለቤት ቢሮው ውስጥ ገብታ አገኘችው። ናስ ምን ያደርግለታል ብሎ ወንድሟን የነዘነዘው እሱ ነበርና፣ ያስቀየረው እሱ ይሆን ብላ ጠርጥራለች። ሰውየው ማለ፣ ተገዘተ። መንኳኳቱን መስማቱን ግን መካድ አልቻለም፤ ዐይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ሰምተህ ሰው አስነዳህበት" አለችው።

"እንዲህ ይሆናል ብዬ..."

"ዝም በል። አሁን ድምፅህን መስማት አልፈልግም።"

ስትወጣ የግቢውን ዘበኛ ጠየቀችው። እሑድ ዕለት ማን ገባ? ማንም፣ አለ ዘበኛው። እሑድ አውቶቡሶቹ ቆመው ይውላሉ። የግቢው ቧንቧ ፈንድቶ ባለቧንቧው ከሰዓት በኋላውን ሲጠግን ዋለ እንጂ ሌላ የመጣ የለም።

ልብ በሉልኝ፤ ይህን ሰማች፤ ሰምታም አለፈችው። በየቀኑ ደጇ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከወንበሩ ጋር አብሮ የሚታይ ሆኖባት ነበር። ሰው የሚጠረጥረው ሩቅ ያለውን ነው፤ እሷም እንደ ማንኛችንም ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪው ዘንድ እሳት ለብሳ፣ እሳት ጎርሳ ገባች። መርማሪው ጉንፋን የያዘው፣ ትዕግሥቱ ያለቀበት ጎልማሳ ነው። ቁጭ ይበሉ አላት። አልተቀመጠችም።

"ብሎኖቹን አሳየኝ፣ ልጄ።"

"ማስረጃ ናቸው፣ እናቴ።"

"በብሎን ነው ወንድሜን ያሰራችሁት። እዚህ አገር ከእኔ በላይ ብሎን የሚያውቅ ካለ ጥራውና እሱ ይይልህ። ከሌለ አውጣቸው።"

መርማሪው አፍንጫውን ጠረገ። ተነሣ፣ መሳቢያ ከፈተ፣ የላስቲክ ከረጢት አምጥቶ ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፈው።

አሥራ ሁለት ብሎን። አንዱን አነሣች። ራሱ ላይ የጥንካሬ ምልክት የለውም፤ ለበርና ለአጥር የሚሆን ለስላሳ ብረት ነው። ቁመቱ አጭር ነው፤ ሞተሩን የሚነክሰው በአራት ጥርስ ብቻ ነበር። ሥሩ ስፕሪንግ ሮንዴላ አለ፤ ተቃጥሎ፣ ተጋድሞ፣ ሞቷል።

"ይሄ የእኔ አይደለም። ስታድ ነበር፣ የናስ ዳዶ ነበር፣ ወፍራም ሮንዴላ ነበር።"

"ወንድምዎም እንደዚያ ይላል። ማንም እንደዚያ ሊል ይችላል።"

"ይችላል" አለች። ሌላውን አነሣች። ሦስተኛውን። አራተኛውን። መርማሪው ሰዓቱን አየ። ዘጠነኛው ላይ እጇ ቆመ።

ጥርሱ ውስጥ አንድ ነገር ነበረ። ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። ቢጫ ክር፤ ከላዩ የደረቀ ነጭ ቀለም። አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን አየች፤ ደረቅ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ላይ እንደገና ያው ክር፣ ያው ቀለም። የክሩ ጫፍ ለሁለት ተከፍሎ ከብሎኑ ወገብ ላይ በትንሽ ቋጠሮ ታስሯል።

እትዬ ዳዶ አሁን ተቀመጠች።

"ምን ሆኑ?"

"ቆይ" አለች። "ቆይ፣ ልጄ።"

ቀስ ብላ ነገረችው፤ ለሱም ለራሷም። በዚያ ሞተር ላይ ከአሥራ ሁለቱ ቀዳዳ አሥሩ ደረቅ ናቸው። ሁለቱ፣ ዳርና ዳር ያሉት፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ድረስ ይዘልቃሉ። እነሱን ሳይደፍን ብሎን የሚያስገባ ሰው ውሃ ያፈሳል። ወንድሟ ይህን ስለሚያውቅ ቀይ ማሸጊያ በቱቦ ከሷ ገዝቷል። ይሄ ግን ቀይ አይደለም። ይሄ ቃጫ ነው።

"ታዲያ?"

"ታዲያማ፣ ያስገባው ሰው ሁለቱን ቀዳዳ ያውቃቸዋል። ቀጮ አያውቅም፣ የአውቶቡሱ ባለቤትም አያውቅም። ይሄን ሞተር ፈትቶ የሚያውቅ ነው። ደግሞ ክፉ ሥራ ሊሠራ ገብቶ፣ ውሃ ሲንጠባጠብ ማየት ያልቻለ ሰው ነው። እጁ እምቢ ያለው ሰው።"

ይህን ስትል ያ ግማሽ ቀን ተመልሶ መጣባት። ወንድሟ ዕቃውን ይዞ ሲወጣ፣ ከደጅ የመጣው ድምፅ። "ሁለቱ ዳሮች ውሃ እንደሚነኩ እንዳትረሳ" ብሎት ነበር። በምክር መልክ። ባለቧንቧው።

ቧንቧ ከመያዙ በፊት መካኒክ ነበር። የዚያው አውቶቡስ መካኒክ። አንድ ቀን የሠራው ፍሬን ቁልቁለት ላይ ከዳና ሟቹ ሹፌር አውቶቡሱን እንደምንም አጥር ላይ አስደግፎ አቆመው። ከዚያ ወርዶ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ሁለተኛ ይሄ ሰውዬ የነካውን መኪና አልነዳም" አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጋራዥ አልቀጠረውም። እሱ ግን "ለበጎ ነው" እያለ ይስቅ ነበር። አምስት ዓመት ሳቀ።

ከጣቢያ ወጥታ ሱቋ ደረሰች። ወንበሩ ባዶ ነበር። ገለበጠችው፣ የቧንቧ ቁልፍ አመጣችና አንዱን እግር መፍታት ጀመረች። ጠንክሮ ታስሯል። ጉልበቷን ሁሉ፣ ንዴቷን ሁሉ ጨምራ አዞረችው። ሲወጣ ጥርሱ ላይ ቢጫ ቃጫ፣ ነጭ ቀለም፣ ጫፉ ለሁለት ተከፍሎ የታሰረ ትንሽ ቋጠሮ።

ቃጫውን የሸጠችለት ራሷ ናት።

የወንበሩን እግር እንደ ዱላ ትከሻዋ ላይ አድርጋ በመንገዱ መሀል ሄደች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። እሱም ብሎኑንና ቧንቧውን ጎን ለጎን አድርጎ ቋጠሮዎቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ኮቱን ለበሰ።

ባለቧንቧው ሱቁ ደጅ ቆሞ ሦስት እግር የቀራትን ወንበር እያየ ነበር።

"እትዬ፣ ወንበሬን ምን አገኘው?" አለ። መርማሪውንና ሁለቱን ፖሊሶች ሲያይ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም፤ ደረቀ እንጂ።

"እሑድ የት ነበርክ?" አለ መርማሪው።

"አውቶቡሶቹ ግቢ። ቧንቧ ስጠግን።"

"ስንት ቦታ ፈንድቶ ነበር?"

"አንድ።"

"ለአንድ ቧንቧ ከሰዓት ሙሉ?"

"አስቸገረኛ።"

"አውቶቡሱን ነክተሃል?"

"እኔ መኪና መንካት ከተውኩ አምስት ዓመቴ ነው።"

መርማሪው ብሎኑን ከኪሱ አውጥቶ አሳየው። ባለቧንቧው አየው፤ እጁን ግን አልዘረጋም። መርማሪው ክፍሉን ማየት እንደሚፈልግ ነገረው። ብዙ አልፈለጉም። ከአልጋው ሥር፣ የወተት ዱቄት በነበረበት ጣሳ ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። መርማሪው ሲፈታው ብርሃን አንጸባረቀ።

አሥራ ሁለት የናስ ዳዶ። አሥራ ሁለት ስታድ። ታጥበው፣ ተወልውለው፣ ዘይት ተቀብተው።

እትዬ ዳዶ አንዱን አንሥታ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"ለምን አልጣልካቸውም?" አለችው። የምሯን ነው የጠየቀችው፤ ሊገባት አልቻለም።

ባለቧንቧው ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። "ጥሩ ዕቃ ነው" አለ። "እንዴት ይጣላል።"

ከዚያ በኋላ አልካደም። መርማሪው ሲጠይቀው እንደ ደከመው ሰው መለሰ። የእሑዱ ሥራ አምስት ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። በየስታዱ ላይ ሁለት ዳዶ እርስ በርስ እያጣበቀ፣ በቁልፍ እያዞረ ነቀላቸው። የማይረቡትን ብሎኖች የመረጠው ሆን ብሎ ነው፤ ሲላላ የሠራው ሰው ጥፋት እንዲመስል። አውቶቡሱ እንዲንኳኳ፣ እንዲያጓራ፣ በሰው መሀል እንዲያሳፍር ነበር የፈለገው። ያ ሹፌር መሀል መንገድ ላይ ወርዶ፣ ያኔ ለእሱ ያለውን ለእትዬ ዳዶ ወንድም እንዲለው። አንድ ጊዜ ብቻ ይህን መስማት ፈለገ።

"እንዲሞት አልፈለግሁም" አለ። "እንዲያፍሩ ነው የፈለግሁት። እምልልሻለሁ፣ እትዬ።"

እትዬ ዳዶ ቀረበችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብላ ተናግራ አታውቅም ይላሉ።

"ሲንኳኳ ሰምተኸዋል?"

"ምኑን?"

"አውቶቡሱ በዚህ ደጅ ያልፋል። አንተ እዚህ ትቀመጣለህ። ሰምተኸዋል ወይ ነው የምልህ።"

"ሰምቻለሁ።"

"መቼ?"

"ሰኞ።"

"ማክሰኞስ?"

ጣቶቹ ኪሱ ውስጥ ቃጫውን ፈለጉ።

"ረቡዕስ? ያ ሰው ራሱን ሲያመው፣ መስኮቱን ሲዘጋ፣ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ቃጫህን ትፈትላለህ። ውሃው እንዳይንጠባጠብ የሳሳው እጅህ ለሰው ነፍስ አልሳሳም። አንድ ቃል ነበር። 'ኮፈኑን ክፈቱት'። ይሄን ለማለት አራት ቀን አነሰህ?"

ይዘውት ሄዱ። ሲያልፍ ወንበሯን በእግሩ ሳይነካት ዞሮ አለፈ።

ወንድሟ በማግሥቱ ተፈታ። ሱቋ መጣ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ የሰጠችውን ውሃ ጠጣ። አንቺም ጠረጠርሽኝ አላላትም። እሷም ይቅር በለኝ አላለችውም፤ እንደ ልጅነቱ ጥፍሩን በጨርቅና በነዳጅ ጠረገችለት፣ እሱም እጁን ተወላት። ወንበሯን አየና፣ "እግሯን ልመልስላት?" አላት።

"አትንካት" አለች።

ማክሰኞ የሟች ሚስት መጣች። በዚህ ጊዜ ብቻዋን ነበረች። ሁሉንም ሰምታለች፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን የመጣች አትመስልም፣ እትዬ ዳዶም አልጠበቀችም። ባንኮኒው ፊት ቆመች።

"የሱ የነበረው የትኛው ነው?" አለች። "መሆን የነበረበት።"

ያኞቹ አሥራ ሁለቱ ከፍርድ ቤቱ ማስረጃ ጋር ናቸው። እትዬ ዳዶ ከዚያው ሣጥን ሌላ የናስ ዳዶ አወጣችና መዳፏ ላይ አኖረችላት። ከዚያ ከቅዳሜ ጀምሮ ይዛው የሰነበተችውን ተናገረች።

"ዕቃውን ስመርጥ እሱ ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። እኔው ነኝ የነገርኩት። እየሳቅሁ።"

ሴትዮዋ ዳዶውን ገለባብጣ አየችው። "ይሄ እንደታሰረ ቢቀር ኖሮ ይኖር ነበር?"

"ይኖር ነበር።"

ጨበጠችው። እንደጨበጠችው ወጣች።

እትዬ ዳዶ ያን ጊዜ የቧንቧ ቁልፉን አንሥታ ደጅ ወጣች። ወንበሯን ገለበጠችና የቀሩትን ሦስት እግሮች መፍታት ያዘች። አንዱ እንኳ በቀላሉ አልሄደላትም። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ ሁሉም ቃጫቸው በእኩል ተጠቅልሎ፣ ቀለማቸው ሳይደፈረስ፣ ቋጠሯቸው ሳይላላ ወጡ። ውሃ በማያልፍበት ቧንቧ ላይ፣ ማንም በማያየው ቦታ።

ሦስተኛውን ፈትታ ከሌሎቹ ጎን አኖረችው። ሥራው ጥሩ ነበር። ከሁሉም በላይ ያናደዳት እሱ ነው።